የአጎታችን የ1966–1970 ወረቀቶች (ደሴ)፦ ከየት ይጀመራል? ለማንስ ይሰጣል?

ሐይቅ_በር

ሰላም ጀማው። የድሮ ወረቀት አያያዝ የምታውቁ ካላችሁ እርዱን። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሚገኝ ቤት ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀት አለ፤ የሟቹ አጎታችን ነው። መምህር ነበሩ። በ1966 የሙስሊሙ የእኩልነት ጥያቄ ሲነሣ እዚህ ፊርማ ካሰባሰቡት ውስጥ ናቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ማን እንደታሰረ፣ ወዴት እንደተወሰደ እየጠየቁ ይመዘግቡ ነበር፤ እስላም ክርስቲያን፣ ኢሕአፓ መኢሶን (በጊዜው የተፋለሙት ሁለት የፖለቲካ ድርጅቶች) ሳይሉ።

ውስጡ ያለው፦ የአቤቱታ ረቂቆችና የፊርማ ዝርዝሮች (ገሚሱ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ ብዙው በካርቦን የተገለበጠ)፣ በስቴንስል የተባዙ የሁለቱም ድርጅቶች ወረቀቶች፣ ማኅተም ያለባቸው የቀበሌ ደብዳቤዎች፣ ከእስር ቤት የወጡ የእጅ መዳፍ የማይሞሉ ቁርጥራጮች፣ ስም የተጻፈበት አንድ ደብተር (ከስሞቹ ጎን ቀይና ሰማያዊ ምልክት አለ)፣ ፎቶዎችና ሦስት ካሴት።

ሣጥኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የኖረው። ከታች ሦስት ጣት ያህል ወረቀት ርጥበት ነክቶት ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አግራፎቹ ዝገዋል። ቤቱ ሊሸጥ ስለሆነ ከክረምት በፊት መውጣት አለበት። ምን ይቅደም? ስካን የት ይሻላል? ለማን ይሰጥ? ከወራሾቹ አንዱ ደግሞ ደብተሩን ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው እያለ ነው።

የመዝገብ_ቤት_ሰው

አብሽሪ እህት ዓለም፣ የሚድን ነገር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ግን ማጽዳትም ስካን ማድረግም አይደለም። ሣጥኑን ክፈቺና ምንም ሳታነሺ ከላይ ፎቶ አንሺው። አንድ ጥቅል ባወጣሽ ቁጥር እንደገና አንሺ። በብዙ ቤት የሚጠፋው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው፤ ሰው ደግ አስቦ “አቤቱታውን ለብቻ፣ በራሪውን ለብቻ” ብሎ ይደረድረዋል። አንድ የኢሕአፓ በራሪ ከአንድ የቀበሌ ደብዳቤ ጋር በአንድ አግራፍ ከተያዘ፣ ሁለቱን ያገናኟቸው አጎትሽ ናቸው፤ ምናልባት ደብዳቤው የተጻፈው በበራሪው ምክንያት ይሆናል። ከለያየሽው በኋላ ያን የሚነግርሽ የለም። አደራረጉ ዝብርቅርቅ ቢመስልም እንዳለ ይቆይ።

ቁጥር ስትሰጪ ሣጥን፣ ጥቅል፣ ቅጠል በሚል ይሁን፤ 1-04-012 ማለት አንደኛው ሣጥን፣ አራተኛው ጥቅል፣ አሥራ ሁለተኛው ቅጠል ነው። በእርሳስ፣ ከጀርባ፣ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ፣ ሳይጫኑ። እስክሪብቶ የለም፣ የሚለጠፍ ወረቀትም የለም። ከዚያ ዝርዝር መዝገብ፦ ቁጥር፣ ምንነት፣ ቋንቋና ፊደል፣ ቀን (ወረቀቱ ላይ እንዳለው)፣ የቅጠል ብዛት፣ የጉዳት ዓይነት፣ በሕይወት ሊኖር የሚችል ሰው ስም አለበት ወይስ የለበትም። ይቺን የመጨረሻዋን ዓምድ አትዝለዪ፤ በኋላ ሁሉም ውሳኔ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ርጥቡ። የታችኛውን ክፍል ከላይኛው ለይተሽ ሌላ ክፍል ውሰጂው፤ ሻጋታ ይዛመታል። እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ቀለሙ ይለቃል፣ ወረቀቱም ይጨማተራል። ጥላ ባለበት፣ አየር በሚገባበት ክፍል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊው፤ ቬንቲሌተር ካለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው እንጂ ወረቀቱ ላይ አይንፈስ። ሻጋታው እርጥብ እያለ እንዳትነኪው። እርጥቡ ሲጠረግ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ ግን ዱቄት ይሆናል፣ ያኔ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘሽ ደጅ ወጥተሽ፣ ከራስሽ ወደ ውጭ እያደረግሽ ጥረጊ። ኤን95 ማስክና ጓንት ግድ ነው፤ አስም ያለበት ሰው አይቅረብ። ጨርሶ የራሰና በሁለት ቀን ውስጥ መድረቅ የማይችል ጥቅል ካገኘሽ ሳትለያዪው በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፤ ጊዜ ይሰጥሻል።

ብል ካለ (ትንንሽ ቀዳዳና የዱቄት ብናኝ ታያለሽ) ፍሊት አይረጭም፣ ናፍታሊንም አይደረግም። ደረቁን ጥቅል በሁለት ፕላስቲክ አሽገሽ፣ አየሩን አስወጥተሽ፣ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ ለ24 ሰዓት ፕላስቲኩ አይከፈት፤ ላቡ ከፕላስቲኩ ውጭ ይቅር። ፎቶና ካሴት እዚህ ውስጥ አይገባም።

የዛገ አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ አይጎተትም። ከሥሩ ጠንካራ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብተሽ፣ ፕላስቲኩ ወረቀቱን እየጠበቀ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አቃኚ። በአዲስ አግራፍ አትተኪው፤ አብረው የነበሩትን ቅጠሎች በአንድ የታጠፈ ኤ3 ወረቀት ውስጥ አድርጊና የጥቅሉን ቁጥር ጻፊበት። ከውጭ የሚመጣው የመዝገብ ካርቶን ውድ ነው፤ ማሸጊያው ላይ “ከአሲድ ነፃ” የሚል የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለአቃፊ ይሆናል። ማሰሪያ ከፈለግሽ አቡጀዲ ገዝተሽ፣ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥበሽ ሙጫው ይልቀቅ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እያደረግሽ ቅደጂው። ላስቲክ በጭራሽ። ሽታው የሚከረፋ ለስላሳ ፕላስቲክ ያለው ክላሰርም እንዲሁ፤ የካርቦንና የፎቶ ኮፒ ጽሑፍ እየላጠ ይወስዳል። ላሚኔት ያስደረገ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ቀብሮታል ማለት ነው፤ ሙጫው በሙቀት ስለሚገባ መመለሻ የለውም።

ስካን፦ ለታተመና በስቴንስል ለተባዛ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሡ ነጥቦች ብዛት)፣ ለእርሳስና ለደበዘዘ ካርቦን 400፣ ለፎቶና ለእስር ቤቶቹ ቁርጥራጮች 600። ሁሉም በቀለም። “ጥቁርና ነጭ” ወይም የስልኩ “ማሳመሪያ” ሐምራዊ ማኅተምና የኅዳግ እርሳስ ያጠፋል፤ አጎትሽ በእርሳስ የጻፉት ቀን እኮ ከዋናው ጽሑፍ ሊበልጥ ይችላል። ጀርባው ባዶ ቢሆንም ይነሣ። ዋናው ቅጂ ቲፍ (ምስሉን ጥራቱን ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይሁን፣ ለመላላኪያ ጄፔግ። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ በቀለም 26 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሺህ ገጽ 26 ጊጋባይት፣ በ600 ቢሆን አራት እጥፍ። የፋይሉ ስም የወረቀቱ ቁጥር ራሱ ይሁን። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት የፋይል ማከማቻ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ማስነሣቱን እርሺው። ወረቀት በራሱ የሚስበው ማሽን ስሱን የካርቦን ቅጠል ይቦጭቀዋል፤ የደብተሩ ምስልም በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ጠፍጣፋ ስካነር ተከራይታችሁ ቤት ውስጥ ሥሩት።

ጦሳ_ሥር

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ቀን ስለሌላቸው ወረቀቶች ልጨምር፤ እዚያ ሣጥን ውስጥ ግማሹ ቀን እንደማይኖረው እገምታለሁ፣ በተለይ በራሪዎቹ።

ራስጌውን ተመልከቺ። “የወሎ ጠቅላይ ግዛት” ካለ የንጉሡ ዘመን ነው። “ወሎ ክፍለ ሀገር” የደርግ ነው። “ደቡብ ወሎ” ካለ ከ1980ው አዲስ አከፋፈል ወዲህ ነውና የሌላ ጊዜ ወረቀት ተቀላቅሏል ማለት ነው። የከተማ ቀበሌ ማኅበር የተቋቋመው በአዋጅ 47/1967፣ ሐምሌ 1967 ነው፤ ስለዚህ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ማንኛውም ነገር ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1967 ኅብረተሰብአዊነት ታወጀ፤ ቃሉ በደብዳቤ መዝጊያ ላይ ከመጣ ከዚያ አይቀድምም። “ኢሠፓአኮ” (የኢሠፓ አደራጅ ኮሚሽን) ካለ ከ1972 ወዲህ፣ “ኢሠፓ” (የደርግ ዘመኑ ገዥ ፓርቲ) ካለ ከ1977 ወዲህ።

ማስጠንቀቂያ፦ በራስጌ ብቻ አትፍረጂ። መሥሪያ ቤት የድሮ ወረቀቱን እስኪጨርስ ይጠቀማል፤ የንጉሡን ራስጌ በእስክሪብቶ ሰርዞ የሚጽፍም አለ። ራስጌው “ከዚህ ወዲህ” ይልሻል እንጂ “እስከዚህ” አይልሽም።

አቤቱታዎቹን በተመለከተ ዋናው መለያ ሚያዝያ 12፣ 1966 ነው፤ የአዲስ አበባው ትልቅ ሰልፍ ቀን። ጥያቄዎቹ የቀረቡት ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ነበር። የሙስሊም በዓላት በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ የሚል ረቂቅ ካገኘሽ፣ ደርግ ሦስቱን በዓላት (ሁለቱን ዒዶችና መውሊድን) ሳይቀበል በፊት የተጻፈ ነው፣ ማለትም ከ1967 መጀመሪያ ወራት አያልፍም። ከፊርማው ዝርዝር ላይ የደሴ መምህራን ወይም የክርስቲያን ስም ካለ ለብቻው መዝግቢው፤ ተመራማሪ የሚፈልገው እሱን ነው።

በራሪዎቹ፦ ኢሕአፓ ስሙንና ፕሮግራሙን በይፋ ያወጣው በነሐሴ 1967 ነው። “ዴሞክራሲያ” ግን ከዚያ በፊት ይወጣ ነበር፤ የድርጅት ስም የሌለበት እትም ካገኘሽ የመጀመሪያዎቹ ይሆናል። መኢሶን በግልጽ ሲሠራ ቆይቶ በነሐሴ 1969 ወደ ኅቡዕ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው “የሰፊው ሕዝብ ድምፅ” የድብቅ ነው፣ ወረቀቱም ስቴንስሉም ብዙ ጊዜ ይከፋል።

የቀን አጻጻፍ፦ 14/8/66 ማለት ሚያዝያ 14 ነው እንጂ ኦገስት አይደለም። ከውጭ የመጡ ደብዳቤዎች ግን በፈረንጅ ናቸው። የዓረብኛ ፊደል ያላቸው ላይ የሂጅራ ዓመት ይኖራል፤ 1394 ሂጅራ የጀመረው በጥር 1966 ነው። መዝገቡ ላይ እንዳለ ጻፊው፣ ልወጣውን በሌላ ዓምድ። ሰባት ስምንት ዓመት የምታምታታው ስሌት መዝገብ ውስጥ ከገባች አትወጣም።

ሸርፍ_ተራ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ ሥነ ሥርዓት እስክንጨርስ የሚያውቁት ሰዎች ያልቃሉ። ልጇን የት እንዳደረሱት ሳታውቅ የሞተች እናት ስንት ናት? ደብተሩ ይለቀቅ። ወንድሞቹና እኅቶቹ ያንብቡት። በመሳቢያ ከመበስበስ ይሻላል።

ቦርከና

ሸርፍ ተራ የምትለው ሕመም እውነት ነው፤ መንገዱ ግን አያዋጣም። ምክንያቱን ልናገር።

ደብተሩ ላይ ያሉት ምልክቶች ምን ማለት እንደሆኑ ማንም አያውቅም። ቀዩ “ተገደለ” ነው? “ተፈታ” ነው? ወይስ “ቤተሰቡን አግኝቻለሁ” ነው? አጎቱ የምልክቶቹን መፍቻ ጽፈው ካልተዉ፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው “ከስሙ በስተግራ ቀይ መስመር አለ” ብቻ ነው። ትርጉሙ የሚገኘው በማነጻጸር ነው፦ ያው ስም ከምልክቱ በኋላ በተጻፈ የእስር ቤት ደብዳቤ ላይ ካለ ቀዩ “ሞተ” አይደለም። እንዲህ አሥር አሥራ አምስት ስም ሳይጣራ ቴሌግራም ላይ ቢወጣ፣ አንዱ ቤት ለቅሶ ይቀመጣል፤ ሌላው ቤት ደግሞ “አሳልፎ የሰጠ” ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ልጆች አሉ። በደሴ ሁሉም ይተዋወቃል።

ሕጉም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 31፣ ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳያወጣ ይላል። ከእስር ቤት በወጡት ቁርጥራጮች ላይ ያላችሁ ባለቤትነት የወረቀቱ ብቻ ነው፤ ቃሉ የጸሐፊው ነው። በአዋጅ 410/1996 የጸሐፊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ደግሞ ሃይማኖትና የፖለቲካ አመለካከትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል፤ ይህ ሣጥን ሁለቱንም የያዘ ነው።

ስለዚህ መካከለኛው መንገድ፦ ዝርዝሩ አይለቀቅ፣ ጠያቂ ግን አይመለስ። ዘመድ ነኝ የሚል ሰው ስም ይዞ ሲመጣ ያ ስም ያለበት ገጽ፣ የሌሎቹ ስም ተሸፍኖ፣ ይሰጠው። ከእስር ቤት ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቤተሰብ ከተገኘ ቅጂው በነፃ ይድረሰው። ይህ ከቴሌግራሙ ይልቅ እናቲቱን ይጠቅማል። ለሌላው አንባቢ ብዙ ቤተ መዛግብት የሚሠሩበት ልማድ አለ፤ ሰውዬው መሞቱ ካልታወቀ መቶ ዓመት ይኖራል ብሎ ማሰብ። በ1970 ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ስም እስከ 2050 ይዘጋል ማለት ነው። የፊርማ ዝርዝሮቹም በዚሁ ይሂዱ፤ አቤቱታው ራሱ ግን፣ ያለ ፊርማው፣ ዛሬውኑ ቢከፈት የሚጎዳው የለም።

“ለማንም አናሳይም” ብላችሁ ለምስክሮች ቃል መግባትም አደጋ አለው። አሜሪካ ያለው ቦስተን ኮሌጅ ከ2001 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የሰሜን አየርላንድ ታጣቂ የነበሩ ሰዎችን ድምፅ ሲቀዳ፣ እስክትሞቱ አይከፈትም ተብለው ነበር። በ2011 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ጠየቀ፤ በ2013 የተወሰኑት ቅጂዎች ተላልፈው ተሰጡ። ቃሉ ከሕጉ በላይ ተገብቶ ነበር። እናንተም በስጦታ ውሉ ላይ “ሕግ ካላስገደደ በቀር” የምትል ሐረግ ትግባ፣ ለሰዎቹም በግልጽ ይነገራቸው። ከዚያው አገር መልካም ምሳሌ ደግሞ የቤልፋስቱ ሊነን ሆል ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የፖለቲካ ስብስቡ በ1968 እ.ኤ.አ. መጠጥ ቤት ውስጥ ለላይብረሪያኑ በተሰጠች አንዲት የሲቪል መብት በራሪ ተጀመረ፤ ከዚያ ከየትኛውም ወገን የመጣውን ሳይመርጥ ሰበሰበ። የአጎታችሁም ሣጥን ዋጋው የሁለቱንም ወገን ወረቀት መያዙ ነው። “የእኛ ወገን” የሆነውን ብቻ ለይቶ የሚቀበል ተቋም ከመጣ አትስጡት።

ለማን የሚለው፦ አማራጮቹ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እና ደሴ ሙዚየም ናቸው። በእኔ ግምት ዋናው ወረቀት አንድ ቦታ ይሁን፣ ሙሉው ዲጂታል ቅጂ ሌላ ከተማ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ነገር እንዲያ ሲሄድ ሄደ ነው።

ውሉ በቃል አይሁን። ሁሉም ወራሾች የወራሽነት ማረጋገጫ ይዘው ይፈርሙ፤ አንዱ ሳይፈርም ቢቀር ተቋሙ ነገ ክርክር ውስጥ ይገባል። ስጦታ ነው ወይስ አደራ? የትኛው ጥቅል እስከ መቼ ይዘጋል? ቤተሰቡ የዲጂታል ቅጂ ያገኛል ወይ? ተቋሙ ቢፈርስ ወይም ቢዛወር ወረቀቱ ወዴት ይሄዳል? ዝርዝር መዝገቡ ከውሉ ጋር ተያይዞ በየገጹ ይፈረም። ያለ ዝርዝር “ሦስት ካርቶን ሰነድ ተረክበናል” የሚል ደረሰኝ ከወረቀት አይቆጠርም።

ሐይቅ_በር

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ደብተሩን ዘግተነዋል፤ ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው ያለው የአክስታችን ልጅም የቦርከናን ጽሑፍ አንብቦ ተስማማ። ሦስት ነገር ቀረችኝ። ቤቱ እስኪሸጥ ሣጥኑ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ይሻለዋል ወይስ እዚሁ? ፎቶዎቹ ስድስት ሰባቱ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በዓረብኛ ፊደል የተጻፉትን ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው አይቶ “ዓረብኛ አይደለም” አለ።

ጦሳ_ሥር

አጀሚ ነው፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ የወሎ ዑለማ መንዙማ ሲጽፉበት የኖሩት። ዓረብኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው አያነበውም፣ አማርኛውን ጮክ ብሎ እየሰማ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ጰ፣ ጨ፣ ቸ ለመሳሰሉት ድምፆች ነጥብ የሚጨምሩበት መንገድ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በግልጽ የሚታወቁ ስሞችን (ደሴ፣ ሐይቅ፣ የሰው ስም) ፈልጉና የጸሐፊውን ልማድ ከዚያ አውጡ። መዝገቡ ላይ “ቋንቋ አማርኛ፣ ፊደል ዓረብኛ” ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። “ዓረብኛ” ተብሎ ከተመዘገበ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ምናልባት የአማርኛው ረቂቅ ግልባጭ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ ያለውን ጥቅል ተመልከቺ።

የመዝገብ_ቤት_ሰው

ደሴ ይቆይ። ብርዱ ለወረቀት መድኃኒት ነው፤ ጠላቱ የክረምቱ ጭጋግ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ አሲድ ያለበት የስቴንስል ወረቀት ቶሎ ይሰባበራል። ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር ሳይነካካ፣ ኮርኒስ ላይ ሳይሆን። ቡና የሚፈላበት ክፍል አይሁን፤ የእጣኑ ጭስ ጥላሸት ይተዋል። ርጥበት መለኪያ ገዝተሽ አስቀምጪ፤ ከ60 ከመቶ ካለፈ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲኖር መስኮት ክፈቺ፣ ማታ ዝጊ። ወደ ቆርቆሮው ሣጥን መልሰሽ አትዝጊው፣ ላብ ይይዛል። ሣጥኑ ራሱ ግን አይጣል፤ ክዳኑ ውስጥ የተጻፈ ወይም የተለጠፈ ነገር ካለ ፎቶ ይነሣ።

ፎቶዎቹን በቢላ አትለያዪያቸው። ውሃ ውስጥ ነክሮ የመለየት ዘዴ አለ፤ የፎቶውን ዓይነት ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፣ በርጥበት የተጎዳ ፎቶ ላይ ምስሉ ራሱ ተገፎ ሊወጣ ይችላልና። እስከዚያ ደረቅ ቦታ፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም ሳይጫናቸው በወረቀት አቃፊ ይቀመጡ። የላይኛውንና የታችኛውን ገጽታ ስካን አድርጊ። የተለያዩት ፎቶዎች ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ምስሉን አትመሽ አሳዪው፣ ዋናውን ሳይሆን፤ የነገረሽን ስም ከነጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር መዝግቢ።

ካሴቶቹን ለሙከራ ብለሽ ቴፕ ላይ አታስገቢያቸው። መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ፤ በስሕተት እንዳይቀዳባቸው። ሻጋታ (ነጭ ነጠብጣብ) በመስኮቱ ከታየ አይጫወትም። ንጹሕ ከሆነ የቴፑ ራስ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ በመደበኛ ፍጥነቱ ተጫውቶ፣ ያ አንዱ ጊዜ ራሱ በዌቭ (ድምፁን ሳያጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት ይቀዳ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በሁለት ቻናል ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል። ድምፁ ውስጥ ስም ከተጠራ ከደብተሩ ጋር በአንድ መዝጊያ ይያዝ።